ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በፊት፡ ከኒካሕ ጋር መጀመር ያለባት ክኒን

ስለ ጤናና ስለ አመጋገብ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ጨጓራ ነው። ዛሬ ግን ከወትሮው ለየት ወዳለ ቦታ፣ ወደ አንጎልና አከርካሪ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይዣችሁ ልገባ ነው። «ይህ ደግሞ ከምግብ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ ሊነሳባችሁ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከአንድ ገጠመኝ እንጀምረው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት የታመመ ጎረቤቴን ለመዘየር በአዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ከሕፃናት ክፍል በራፍ ላይ አንድ ወጣት አባት ቁጢጥ ብሎ ተቀምጧል። አጠገቡ ባለቤቱ ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልላ ደረቷ ላይ በሆዷ አስተኝታታለች። ሰላምታ ተለዋወጥንና ከየት እንደመጡ ጠየቅሁት። «ከወሎ ነው ወንድም ዓለም» አለኝ። ልጂቱ ስትወለድ ከወገቧ ከፍ ብሎ የብርቱካን ፍሬ የሚያክል፣ ስስ ቆዳ የለበሰ እብጠት ነበራት። በወለደችበት ጤና ተቋም «ጠንከር ስትል ወደ ትልቅ ሆስፒታል ትወስዷታላችሁ» ተባሉ። ቤት ሲመለሱ ገሚሱ ዘመድ «ዐይን ነው» አለ፤ ገሚሱ «ጂን ነው» አለ። በሦስተኛው ሳምንት እብጠቱ ፈነዳ፤ ፈሳሽ መውረድ ጀመረ፤ የልጂቱም ገላ እንደ እሳት ተኮሰ።

«እናቴ ከባለቤቴ ጋር መነጋገር አቁማለች። በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም ትላለች» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሚስትየው ሰምታዋለች። ምንም ሳትናገር አንገቷን ደፋች።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ጉዳይ ከሐኪም ቤት ወጥቶ በየቤታችንና በየመስጂዳችን ሊነገር ይገባዋል የሚል አቋም ይዣለሁ። ምክንያቴን ልዘርዝር።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ፅንስ በእናቱ ማህፀን ውስጥ ገና የስንዴ ቅንጣት ሳያክል አንጎሉና ህብረ ሰረሰሩ መሠራት ይጀምራሉ። መጀመሪያ እንደ ጠፍጣፋ ንጣፍ ሆነው ይታያሉ፤ ቀጥሎ ግራና ቀኝ ጠርዛቸው ተጠቅልሎ እንደ ቱቦ ይገጥማል። ይህ ቱቦ ከፅንሰት በኋላ እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለበት። በላይኛው ጫፍ ሳይዘጋ ከቀረ የጭንቅላት ቅልና አንጎል በአግባቡ አይፈጠሩም፤ እንዲህ ያለው ሕፃን በሕይወት አይቆይም። በጀርባ በኩል ሳይዘጋ ከቀረ ደግሞ ሐኪሞች «ስፓይና ቢፊዳ» የሚሉት፣ ህብረ ሰረሰሩ ያለ አጥንት ከለላ የሚጋለጥበት ችግር ይከሰታል። የዚያች ሕፃን ሕመም ይኸው ነው።

በአገራችን ችግሩ ትንሽ አይደለም። በአዲስ አበባ የማስተማሪያ ሆስፒታሎችና በትግራይ ሆስፒታሎች የተካሄዱ ጥናቶች ከ10,000 ወሊዶች ከ100 በላይ የሚሆኑት ይህን መሰል ችግር እንዳለባቸው አሳይተዋል። እርግጥ ነው፣ አስቸጋሪ ወሊዶች ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች ስለሚላኩ የሆስፒታል ቁጥር ከፍ ማለቱ ይጠበቃል። ይሁንና በአሜሪካ ይህ ቁጥር ከ10 በታች መሆኑን ስናስብ ልዩነቱ ያስደነግጣል።

ሐኪሙን የሚያስጨንቀው ምኑ ነው?

እንዲህ ያለ ሕፃን ሲወለድ የተመረጠው መንገድ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ነው። ሐኪሙ የተጋለጠውን ነርቭ ወደ ቦታው መልሶ፣ ሽፋኑን ገጥሞ፣ ቆዳውን ከላይ ይሰፋዋል። ቀኑ እየገፋ በሄደ ቁጥር ግን ስሱ ሽፋን ይቀደዳል፤ ጀርም ይገባል፤ ከዚያ ወደ አንጎል ሽፋን ይዛመታል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል፤ ቢሰፋው ኢንፌክሽኑን ውስጥ ይቆልፍበታል፣ ቢተወው በር ክፍት ሆኖ ይቀራል። የዚያች ሕፃን ቀዶ ሕክምናም መድኃኒቱ ኢንፌክሽኑን እስኪያጠፋላት ድረስ ተላልፎ ነበር።

ጀርባው ተሰፍቶ አለቀ ማለትም አይደለም። ከእነዚህ ሕፃናት የሚበዙት ዘግየት ብሎ ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ ይቋጠርባቸዋል። አንጎል በተፈጥሮው በየዕለቱ ንጹሕ ፈሳሽ ያመነጫል፤ ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ ይጠራቀምና የሕፃኑን ጭንቅላት ያሳብጣል፣ አንጎሉንም ይጫናል። ሐኪሞች ለዚህ ቀጭን ቱቦ ከአንጎል ጀምረው ከቆዳ ሥር እያሳለፉ ወደ ሆድ ያወርዱታል። ቱቦው ብዙ ነፍስ አድኗል። ነገር ግን ሊዘጋ፣ ሊበከልም ይችላል፤ ያን ጊዜ ልጁ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ቤቱ ከሆስፒታል የሁለት ቀን መንገድ ለሆነ ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

በዚህ ምክንያት ነው በዩጋንዳ፣ ምባሌ ከተማ ባለ የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ የተባሉ ሐኪም ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌላ ዘዴ ያዳበሩት። በቀጭን መመልከቻ መሣሪያ አንጎል ውስጥ ገብተው ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ይከፍታሉ፤ ፈሳሹን የሚያመነጨውንም ክፍል ይቀንሳሉ። ለሁሉም ሕፃን ባይሆንም ለብዙዎች ከቱቦ ጥገኝነት መገላገያ ሆኗል። በዚያው ሆስፒታል ሌላም ነገር ታይቷል፤ ውሃ ከተቋጠረባቸው ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለዚህ የተዳረጉት ከተወለዱ በኋላ በያዛቸው ኢንፌክሽን ነው። የእትብት ንጽሕና፣ የአራስ ትኩሳትንም ያለመናቅ አንጎልን ያተርፋሉ ማለት ነው።

በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ባለሙያዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ አልሐምዱሊላህ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞችም አገልግሎቱ አለ። ነገር ግን የሐኪሙ እጅ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን ማህፀን ውስጥ የተጎዳን ነርቭ አይመልስም። ብዙዎቹ ልጆች ከቀዶ ሕክምናው በኋላም እግራቸው ይደክማል፤ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ይቸግራቸዋል። ቀዶ ሕክምናው ሕይወት ያድናል፤ ከዚያ ያለፈው የቤተሰብና የዕድሜ ልክ ሥራ ነው።

ታዲያ ምግብ የት ገባ?

በ1991 እ.ኤ.አ. የብሪታኒያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ሕፃን የወለዱ እናቶችን ይዞ ያካሄደው ትልቅ ጥናት ውጤት ታተመ። ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን ከእርግዝና በፊት ጀምረው የወሰዱ እናቶች ዘንድ የችግሩ ዳግም መከሰት ከ10 ሰባት እጅ ያህል ቀነሰ። አስቡት! ሐኪሞች ለሰዓታት የሚደክሙበትን ቀዶ ሕክምና አንዲት ርካሽ ክኒን ከሥሩ ልታስቀረው ትችላለች። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ሌሎች በርካታ አገሮችም ተከታትለው፣ ፎሊክ አሲድ በዱቄት ላይ እንዲጨመር በሕግ አስገድደዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቱቦው የሚዘጋው በ28ኛው ቀን ነው ብለናል። አብዛኞቹ እህቶቻችን በ28ኛው ቀን ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም! ጤና ጣቢያ ሄደው ክትትል የሚጀምሩት በሦስተኛው፣ በአራተኛው ወር ነው። እዚያ የሚሰጣቸው የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ለደም ማነስ እጅግ ይጠቅማል፤ ሊተውት አይገባም። ለጀርባው ክፍተት ግን ባቡሩ ካለፈ በኋላ ጣቢያ እንደመድረስ ነው። ስለዚህ ክኒኗ መጀመር ያለባት ከእርግዝናው በፊት ነው።

«እኛ እኮ ምስርና ጎመን እንበላለን»

ይህን የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ንግግራቸውም ከፊል እውነት አለው። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ አቮካዶና ብርቱካን የዚህ ቫይታሚን ጥሩ ምንጮች ናቸው። ጠዋት የምንበላው ፉል፣ በረመዳን የማይጠፋው የምስር ሳምቡሳ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ችግሩ ይህ ቫይታሚን ሙቀትና ውሃ አይችልም። ጎመኑ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ፣ ወጡ ለረጅም ሰዓት ሲንተከተክ ብዙው ይጠፋል። በተጨማሪም ሰውነታችን ከምግብ የሚያገኘውን ከክኒን የሚያገኘውን ያህል አይጠቀምበትም። በ2015 እ.ኤ.አ. በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ አምስት ሴቶች የአራቱ ያህሉ ደም ይህን ችግር ለመከላከል የሚበቃ ፎሌት አልተገኘበትም። ስለዚህ ምስሩም ይበላ፣ ጎመኑም ለብ ለብ ብሎ ይብሰል፣ ክኒኗም አትቅር።

መንግሥት በ2022 እ.ኤ.አ. የስንዴ ዱቄት በፋብሪካ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አውጥቷል። መልካም እርምጃ ነው። ነገር ግን ጤፉንና በቆሎውን ከማሳው ወደ ሰፈር ወፍጮ ቤት ለሚወስደው ገበሬ ይህ አይደርሰውም። ጨው ሁሉም ቤት ስለሚገባ ፎሊክ አሲድ በጨው ላይ ይጨመር የሚል ሐሳብ ያቀረቡ ባለሙያዎችም አሉ፤ በበኩሌ ሐሳቡን እደግፋለሁ። እስከዚያው ግን ቤታችንን እኛው እንጠብቅ።

ጥፋተኛ አንፈልግ

ወደዚያች አንገቷን ወደደፋች እናት ልመለስ። ይህ ሕመም የእርሷ ጥፋት አይደለም፤ የዘሯም ነውር አይደለም። ማንም አልነገራትም፤ ክኒኗንም ማንም አልሰጣት። ክኒኗን በሥርዓት የወሰዱ እናቶችም ዘንድ አልፎ አልፎ ይከሰታል፤ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለምና። በዚህ ሰበብ ሚስቱን የሚፈታ፣ ምራቷን የምታኮርፍ ሁሉ በተጎዳች ላይ ሌላ በደል እየጨመረ መሆኑን ይወቅ።

«ቀደር ነው» ብለን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥም አያዋጣም። ቀደርን ማመን ሰበብ ከማድረስ አያግደንም። ዱዓውም ሩቅያውም ከሕክምናው ጋር ይሁን፤ ልጁ ሆስፒታል እንዳይሄድ ማስቀረቻ አይሁን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ለማግባት የተዘጋጃችሁ እህቶች ሆይ! እርግዝና ከመፈለጋችሁ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምራችሁ እስከ ሦስተኛው ወር በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ውሰዱ። ከዚህ የሚበልጥ መጠን ያላቸው ክኒኖችም በመድኃኒት ቤት ስላሉ ባለሙያ አማክሩ። በረመዳን ለኢፍጣር ወይም ለሱሑር መውሰድ ይቻላል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለዳችሁ፣ የስኳር ሕመም ያለባችሁ ወይም ለሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ በተለይ ቫልፕሮኤት የምትወስዱ ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ መጠን ከፍ ሊል ስለሚችል ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪም አነጋግሩ። መድኃኒታችሁን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ሁለተኛ፣ በአምስተኛው ወር ገደማ አልትራሳውንድ ታዩ። ችግር ከተገኘ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ባለበት ሆስፒታል ለመውለድ ጊዜ ይኖራችኋል።

ሦስተኛ፣ ጀርባው ላይ እብጠት ወይም ክፍተት ያለው ሕፃን ከተወለደ ቀን አትቁጠሩ። ቁስሉን በንጹሕና በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ሕፃኑን በሆዱ ወይም በጎኑ አስተኝታችሁ በዚያው ቀን ሪፈር ጠይቁ። ቅጠል፣ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አትቀቡት። «ሲያድግ አምጡት» ከተባላችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

አራተኛ፣ ቱቦ የተደረገለት ልጅ ካስመለሰው፣ ካተኮሰው፣ ከደበተው፣ እርግብግቢቱ ካበጠ ወይም ዐይኑ ወደ ታች ብቻ ካየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

አምስተኛው ለመስጂድ ኮሚቴዎችና ለኢማሞቻችን ነው። በኒካሕ ላይ ስለ መኸር፣ ስለ መብትና ግዴታ ትመክራላችሁ። በዚያው ላይ «ሙሽሪት ክኒኗን ጀምራለች ወይ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብትጨምሩ ምን ይጎዳል? በሰደቃ ከሚሰበሰበው ገንዘብም ጥቂቱ ከገጠር ሕፃን ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ የመጓጓዣና የማደሪያ ቢሆን የአንዲት ነፍስ ሰበብ ሊሆን ይችላል።

ውድ አንባብያን፣ ያንን ወጣት አባትና ቤተሰቡን ከዚያ ቀን ወዲህ አላገኘኋቸውም። ስለያቸው «ለሚቀጥለው ልጅ የምናደርገው ነገር አለ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ሚስትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ያየችኝ ያን ጊዜ ነው። አለ አልኳቸው፤ ከላይ የጻፍኩላችሁንም ነገርኳቸው። መልሱን ከሠርጋቸው በፊት ሊሰሙት ይገባ ነበር። እናንተ ግን ዛሬ ሰምታችኋል፤ ቤታችሁ ላለች ሙሽራ አድርሱ።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለታመሙትም ዓፊያ ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።