በሟቿ መጽሐፍ

እዚህ ውርጌሳ ‹‹ልብ ወለድ ዓለማዊ ነው፤ ለአማኝ ምን ይረባል?›› የሚሉ ወንድሞች አሉ። ኤርምያስ 17፥9 የሰው ልብ ተንኰለኛ እንደ ሆነ ይነግረናል። የዶስቶየቭስኪ ‹‹ወንጀልና ቅጣት›› (እ.ኤ.አ. 1866) ደግሞ ያ ልብ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል።

ራስኮልኒኮቭ አራጣ አበዳሪዋን አሮጊት ሲገድል ለሰው የሚበጅ ሥራ አስመስሎታል። ምስኪኗ እህቷ ሊዛቬታ ግን በዕቅዱ አልነበረችም፤ ድንገት ስለ ደረሰች እሷንም ገደላት። ኋላ ሶንያን የአልዓዛርን ትንሣኤ አንብቢልኝ አላት። አዲስ ኪዳኑን ለሶንያ ያመጣችላት ማን መሰላችሁ? ሊዛቬታ ናት!

እኛ ንስሐ ስንገባ ‹‹ተሳሳትኩ›› ብለን እናልፋለን። ሰበብ ማዘጋጀታችንን፣ በሰበባችን ውስጥ ያልነበረ ሰው መጉዳታችንን አንናዘዝም። እኔ እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሣሁ፤ ይቅርታ ያልጠየቅኳት እህት ነበረች።