የእናቶቻችን የዘር ቅል ባዶውን እንዳይቀር



ዛሬ የምናወራው ስለ ጓሮ ነው። «ይሄ የሽማግሌ ወሬ ነው» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ጓሯችሁ ያለው ጎመን ዘሩ ከየት መጣ? እናታችሁ ካስቀመጡት ነው ወይስ በእሽግ ከተገዛ? ብዙዎቻችን የአርሰናልን ተጫዋቾች በስም እንቆጥራለን፤ በየቀኑ የምንበላው ጎመን ዘሩ የማን እንደሆነ ግን አናውቅም።

የወለጋን ክረምት ታውቁታላችሁ። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናብ አይለቃትም። አፈራችን በዝናብ ብዛት ታጥቦ አሲዳማ ሆኗል። ከኅዳር በኋላ ደግሞ ለወራት ደመና እንናፍቃለን። በእንዲህ ያለ ቦታ ቲማቲም የተከለ ሰው በሐምሌ ምን እንደሚገጥመው ያውቃል፤ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ፍሬው ሳይቀላ ይበሰብሳል። «ወለጋ ለቲማቲም አይሆንም» ተብሎ ይተዋል።

እኛ ግን ጥፋቱ የአፈሩ ብቻ አይመስለንም። በአገራችን የሚዘሩት ብዙዎቹ የቲማቲም ዝርያዎች ወይ ከውጭ የመጡ ናቸው፣ ወይ ሞቃትና ደረቅ በሆነው በስምጥ ሸለቆው መልካሳ ምርምር ማዕከል የተመረጡ ናቸው። የኛን ሐምሌ አያውቁትም። ዘር ቦታን የሚለምደው እዚያው እየተዘራ፣ የተረፈው እየተመረጠ፣ ተመልሶ እየተዘራ ነው። ሃያ ቲማቲም ተክላችሁ አሥራ ስምንቱ ጠቁረው ሁለቱ ከቆሙ፣ ቀዩንና ትልቁን ፍሬ ሳይሆን የቆመውን ተክል ፍሬ ለዘር አስቀሩ። ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ዓይኑ ፍሬውን እንጂ ተክሉን አያይም። አንዱ ተክል የተረፈው በጣራ ክፈፍ ሥር ተጠልሎ ሊሆን ስለሚችል በአንድ ክረምት አትደምድሙ። ሦስት አራት ክረምት ይፈትነው።

ይህ አዲስ ሳይንስ አይደለም። አንጮቴን ተመልከቱ። የወለጋ እናቶች አንጮቴን ለአራስና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ያበስላሉ፤ ካልሲየሙ ብዙ መሆኑን ተመራማሪዎችም አረጋግጠዋል። ግን ዘሩ በሱቅ በእሽግ ሲሸጥ አይተን አናውቅም። እናቶቻችን ጥሩውን ሥር ሳይነቅሉ ለዓመታት መሬት ውስጥ ይተዉታል፤ በየክረምቱ እየበቀለ አጥር ላይ ይወጣል፣ ያፈራል፣ ፍሬው ሲቀላ ዘሩ ይወሰዳል። ይህን እናት ተክል በኦሮምኛ «ጉቦ» ይሉታል (የአማርኛው ጉቦ ትዝ ብሏችሁ አትሳቁ)። ዝናቡንም አሲዳማውንም አፈር ችሎ የሚበቅለው በአጋጣሚ አይደለም። ስማቸው በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ ሴቶች ለትውልዶች ሲመርጡት ስለኖሩ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «ምርጥ ዘር እያለ ወደ ኋላ ልትመልሱን ነው?» ይሉናል። አይደለም። ቢኤች 660 የሚባለው የበቆሎ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ከምናልፈው ከባኮ ምርምር ማዕከል ነው፤ ስንቱን ቤት እንዳጠገበ ገበሬው ይመስክር። ነገር ግን እሱ ዲቃላ ነው። የዲቃላን ፍሬ መልሳችሁ ብትዘሩ ልጁ አባቱን አይመስልም፤ ዘሩን በየዓመቱ መግዛት ግድ ነው። መግዛት ደግሞ መንገድ ይፈልጋል። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ችግር መንገድ ሲዘጋ ዘርና ማዳበሪያ ስንት ወረዳ ሳይደርስ እንደቀረ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ከቀዬው ተፈናቅሎ በየከተማው የተጠጋው ወገናችንም ጥሎ የወጣው ቤቱንና ከብቱን ብቻ አይደለም፤ ከምድጃው በላይ የሰቀለውን ዘርም ነው። ቤት ይሠራል፤ ያ ዘር ግን ጎረቤት ካላስቀረው ከየትም አይገዛም።

አገራችን ይህን በ1977ቱ ድርቅ አይታዋለች። ገበሬው የዘር እህሉን ሳይቀር በላ። ያኔ ዶ/ር መላኩ ወረደ የሚመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዘር ባንክ ባለሙያዎች የአገሩን ዘር ከመጥፋቱ በፊት ከየማሳው ሰበሰቡ፤ ኋላም ወደ ገበሬው ተመልሶ እንዲባዛ አደረጉ። ዶ/ር መላኩ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተሸልመዋል። የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ ድንክ ቫይረስ የሚከላከለው ባሕርይ የተገኘውም ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ታዲያ የኛ ጎመን ነገ ለማን እንደሚተርፍ ማን ያውቃል?

ስለ አቀማመጡ ጥቂት እንበል። የነቢዩላህ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ የቀራ ሰው እህሉን በዛላው እንዲተዉት የሰጡትን ምክር ያስታውሳል። የአገራችንም ገበሬ በቆሎውን ከነልባሱ ከጭስ በላይ ይሰቅላል፤ ነቀዝ ጭስ አይወድም። የቲማቲም ዘር ከነጭማቂው ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጥ፣ ከዚያ ታጥቦ በጥላ ይድረቅ። ዱባና በርበሬን ንብ ስለሚያዳቅላቸው ሚጥሚጣ አጠገብ የበቀለ ቃሪያ ለዘር አይሁን። ጎመን ከአንድ እግር ብቻ ሳይሆን ከብዙ እግር ይወሰድ። ከታመመ ተክል ዘር አይያዝ፤ አንዳንዱ በሽታ በዘር ይተላለፋል። ጥቅል ጎመንን ተዉት፤ ለማበብ ብርድ ይፈልጋልና እሱን ግዙ። ከመዝራታችሁ በፊት አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ስንቱ እንደሚበቅል እዩ።

ጓሮ የለንም የምትሉ፣ ባልዲና የተቀደደ ጀሪካንም መሬት ነው።

የምናቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። ዝናቡ ሲያባራ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ እያንዳንዱ ወጣት ከእናቱ ወይም ከአያቱ አንድ ዓይነት ዘር ተቀብሎ በወረቀት ጠቅልሎ ይምጣ። ወረቀቱ ላይ የዘሩን ስም በኦሮምኛም በአማርኛም፣ የተለቀመበትን ሰፈርና ስንት ዓመት በቤቱ እንደቆየ ይጻፍ። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በየመስጂዳችን ግቢ ተሰብስበን እንለዋወጥ፤ ዘር ጥሎ የተፈናቀለ ወገን ካለ ግን ቅድሚያ ለእሱ ይሰጥ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችሁንም ጥሩ፤ የአንጮቴውን ነገር ከኛ በላይ የሚያውቁ እናቶች ከእነሱ ቤት አሉ።