አስተማማኝ ቫልቭ፣ ግን ለማን ልብ?

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ደረት ሳይከፈት በብሽሽት የደም ሥር በኩል በካቴተር ስለሚገባው ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ቪዲዮ እየላካችሁ "መምህር፣ ይሄን እንዴት ያዩታል?" ትሉኛላችሁ። ቴክኖሎጂው ድንቅ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። "ደህንነቱ የተሻሻለ" ሲባል የማን ልብ ታስቦ ነው?

መጀመሪያ ነገሩን በአጭሩ። ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር የአኦርታ ቫልቭ ይባላል። በእርጅና ካልሲየም ሲጋገርበት ይደነድናል፣ ይጠባል። ድሮ መፍትሔው ደረት ከፍቶ፣ ልብን አቁሞ መቀየር ብቻ ነበር። ቀዶ ጥገናውን የማይችል አዛውንት ዕጣው ይታወቅ ነበር። ዴንማርካዊው ሐኪም ሄኒንግ ሩድ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1989 በእጁ በጠመዘዘው ሽቦ ውስጥ የአሳማ ቫልቭ ሰፍቶ፣ ፊኛ ላይ አጥፎ፣ አሳማ ላይ ሞከረው። በ2002 ፈረንሳዊው አላን ክሪቢየ ሩዋን ከተማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ሠራው። በ2010 የወጣው "ፓርትነር" የተባለው ጥናት ቀዶ ጥገና የማይሆንላቸውን ሕመምተኞች ሲያነጻጽር፣ በተለመደው ሕክምና ከቆዩት መካከል ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሞተዋል። ቫልቩ ከገባላቸው የሞቱት 31 በመቶ ገደማ ናቸው። ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የዲዛይን ታሪክ አደጋን አንድ በአንድ የመቀነስ ታሪክ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ማስገቢያው ቱቦ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ስለነበረው የእግር ደም ሥር ይቀድ ነበር፤ ዛሬ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሚገባ አለ። በቫልቩ ዙሪያ ደም ሲያፈስ ከታች በኩል እንደ ቀሚስ ያለ ጨርቅ ተጨመረለት። ቫልቩ ጠልቆ ሲቀመጥ የልብን ኤሌክትሪክ መስመር ተጭኖ ሰውየውን ፔስሜከር ተሸካሚ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ተለመደ። ናይቲኖል የተባለው ብረት ሲቀዘቅዝ ይታጠፋል፣ በሰውነት ሙቀት ወደ ቅርጹ ይመለሳል። በዚህ ጠባይ የተሠሩት ቫልቮች ቦታቸውን ከሳቱ ሙሉ በሙሉ ሳይለቀቁ ወደ ቱቦው መመለስ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ትምህርት አለ። ሎተስ የሚባል ቫልቭ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ በኋላም ተመልሶ መሰብሰብ የሚችል። በወረቀት ላይ ከሁሉም የተሻለ ነው። አምራቹ በ2020 ከገበያ አወጣው፤ ምክንያቱም ማስገቢያ መሣሪያው በጣም ውስብስብ ስለሆነ ነው። ለደህንነት ብለን የምንጨምረው እያንዳንዱ ክፍል ራሱ ሊበላሽ ይችላል እኮ! ይሄን ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳነሳነው ታስታውሳላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ታዋቂዎቹ ቫልቮች በአብዛኛው የቆሙት በአንድ ግምት ላይ ነው፤ የታማሚው ቫልቭ በካልሲየም የደነደነ መሆኑ። ያ ደረቅ ካልሲየም ነው የብረት ክፈፉን ነክሶ የሚይዘው። ታማሚው ደግሞ በ70ዎቹና በ80ዎቹ ያለ የሀብታም አገር ሰው ነው።

እኛ ጋ ቫልቭ የሚያጠፋው ሌላ ነው። በልጅነት የያዘ ቶንሲል በወጉ ሳይታከም ይቀራል፤ ሰውነት ጀርሙን እየተዋጋ የራሱን ልብ ይጎዳል። ሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል። የሚመታው ወጣቶችን ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ሚትራል የተባለው በር ነው፣ አኦርታውም አይቀርለትም። የሚጠብ ብቻ ሳይሆን የሚያፈስ ቫልቭ ይበዛል፤ በወጣቶቹ ላይ ካልሲየሙ ትንሽ ነው ወይም የለም። የአዛውንቱን ቫልቭ እዚያ ብታስገቡት የሚነክሰው አጥቶ ሊንሸራተት ይችላል።

ዕድሜውንም አስቡት። በዓለም አቀፉ መመዘኛ የእንስሳ ሕብረ ሕዋስ ቫልቭ ላቦራቶሪ ውስጥ ቢያንስ 200 ሚሊዮን ጊዜ ተከፍቶ መዘጋት አለበት። የ5 ዓመት የልብ ምት ማለት ነው። ለ80 ዓመት ሰው ይሄ ትርጉም አለው። ለ20 ዓመት ልጅ ግን ምኑ ነው? በዚያ ላይ እንዲህ ያለው ቫልቭ በወጣት ሰውነት ቶሎ ያረጃል። የብረቱ ቫልቭ ይቆያል፤ ግን ዕድሜ ልክ ዋርፋሪንና የማያቋርጥ የደም ምርመራ ይፈልጋል። ከጤና ጣቢያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ለምትኖር፣ ልጅ መውለድም ለምትፈልግ ሴት አስቡት። መድኃኒቱ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ብታቆመው ደግሞ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል።

ስለዚህ "አስተማማኝ" የሚለው ቃል አድራሻ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ። አድራሻ ሰጥተው የሠሩም አሉ። ጄናቫልቭ የተባለው ቫልቭ ካልሲየም አይጠብቅም፤ የታማሚውን የቫልቭ ቅጠሎች ራሳቸውን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ለሚያፈስ አኦርታም ይሆናል። ኬፕ ታውን ውስጥ ደግሞ በፒተር ዚላ የሚመራው ቡድን የሩማቲክ ሕመምተኛን አስቦ ነው የተነሳው። በተለመደው አሠራር ፊኛው ሲነፋ የደሙን መንገድ ይዘጋል፤ ቫልቩ እንዳይወረወር ልብ በደቂቃ 180 አካባቢ እንድትመታ ይደረጋል። የደከመ ልብ ይሄን ላይችል ይችላል። እነሱ ደም በመሃሉ የሚያልፍበት ክፍት ፊኛ ሠሩ። ውድ የምስል መሣሪያ በሌለበትም ቫልቩ ቦታውን እንዲያገኝ የሚረዱ ክንዶች ጨመሩ።

"መጀመሪያ ፔኒሲሊኑ አይቀድምም ወይ?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይቀድማል! በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከየትኛውም ቫልቭ ይረክሳል፣ ብዙ ልጅም ያድናል። ግን ቫልቯ ዛሬ ያለቀባትን ልጅ መርፌው አይመልሳትም። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከልም ብቻውን የአገሩን ወረፋ አይጨርስም። መከላከሉም ማከሙም የኛው ሥራ ነው።

ተማሪዎቼ፣ የመመረቂያ ርዕስ የምትፈልጉ፤ የውጪውን ቫልቭ ሞዴል አውርዳችሁ ካልሲየም ያለበት አኦርታ ውስጥ ደግማችሁ አታስሉት፣ ያ ተሠርቷል። ካልሲየም የሌለበትን፣ ለስላሳውን፣ የሚያፈሰውን ቫልቭ ውሰዱ። ክፈፉ በምን ይያዛል? ስንት ሚሊ ሜትር ይንሸራተታል? ሲቲ ስካን በሌለበት ሐኪሙ ቦታውን በምን ያውቃል? ለዚህ ኮምፒዩተር፣ ሲሊኮንና ትንሽ ፓምፕ ይበቃል። ከዚያ የልብ ሐኪሞቹ ጋ ሄዳችሁ አሳዩ፤ እነሱ የሚሉትን ስሙ።

የልብ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ መሐንዲሶች እዚህ ካላችሁ የሳትኩት ካለ አርሙኝ። ቫልቭ የገባላችሁ ወይም የምትጠብቁ ደግሞ ከመሣሪያው በፊት ምን ቢስተካከል ይቀልላችሁ እንደነበር ጻፉልኝ። ከሁሉም በላይ መስማት የምፈልገው እሱን ነው።