ሒሳብን በዐይነ ልቡና ማየት

ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚነሣበት ከቱሉ ዲምቱ፥ በአንድ የጋራ መኖሪያ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራውን የሚሠራ የጎረቤት ልጅ ባለፈው ሳምንት ደብተሩን አሳየኝ። ጥያቄው ከአንድ ሁለተኛና ከአንድ ሦስተኛ የሚበልጠው የትኛው እንደ ሆነ ነው። ልጁ «አንድ ሦስተኛ» ብሎ ጽፏል። ምክንያቱን ብጠይቀው፥ «ሦስት ከሁለት ይበልጣላ!» አለኝ።

ሕጉን አልነገርኩትም። «ዐይንህን ጨፍን። እናትህ አንድ ድፎ ዳቦ ጋግራለች። ድርሻህ የሚበዛው ለሁለት ስትካፈሉት ነው ወይስ ለሦስት?» አልኩት። ዐይኑን ሳይገልጥ ሣቀና «ለሁለት!» አለ፤ መልሱንም ራሱ አረመ።

ልጁ ዕውቀት አልጎደለውም፤ የጎደለው በቁጥሩና በዳቦው መካከል ያለው ድልድይ ነው። እኛስ ብንሆን ስንቱን ቀመር በቃላችን አጥንተን፥ ከፈተናው አዳራሽ እንደ ወጣን ረስተነዋል?

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጀሮም ብሩነር በ1966 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፥ ሰው ነገርን የሚረዳው በ3 መንገድ ነው፤ በእጁ በመሥራት፥ በሥዕል በማየት፥ በመጨረሻም በምልክት። ሲንጋፖር ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕፃናትን የሒሳብ ትምህርት በዚህ ሥርዓት መርታ ተጠቅማለች። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው እንጀምራለን።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ገበጣ ተጫዋች ጠጠሩን ሳያነሣ የመጨረሻዋ ጠጠር የምታርፍበትን ጉድጓድ በሐሳቡ ያያል። መሶብ የምትሰፋ እናትም ወረቀት ላይ ሳትነድፍ፥ የጌጡን ቅርጽ በልቧ ይዛ አለላዋን ትቆጥራለች።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ከ1 እስከ 10 ያሉት ቁጥሮች ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ? ብዕር አታንሡ። በመጀመሪያው እርከን 1 ጡብ፥ በሁለተኛው 2፥ እንዲህ እያለ በአሥረኛው 10 ጡብ የተደረደረበትን ደረጃ አስቡ። አምሳያውን ገልብጣችሁ ግጠሙበት። ቁመቱ 11፥ አግድመቱ 10 የሆነ ሙሉ ግድግዳ ቆመ፤ ጡቡ 110 ነው። ግማሹ 55። ይህን ያየ ሰው ቀመሩን ቢረሳው እንኳ መልሶ ያገኘዋል።

በእርግጥ ሥዕል ማስረጃን አይተካም፤ የማባዣ ሰንጠረዥንም በቃል ከመያዝ አያድንም። ሊያሳስትም ይችላል፤ ሦስት ማዕዘን አስቡ ሲባል ብዙዎቻችን ጎኖቹ እኩል የሆኑትን ብቻ እናያለን። ስለዚህ አስተማሪው «ጠባብ ቢሆንስ? ቢያጋድልስ?» እያለ ሥዕሉን ማናወጥ አለበት።

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ሳያዩ ማጥናት ይመስለኛል።

በትምህርት ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ወጣቶች ሆይ! ቤተ ሙከራ በጀት ይጠይቃል፤ ዐይነ ልቡና ግን ጨረታ አይወጣበትም። አስተማሪው ቀመሩን በሰሌዳ ከመጻፉ በፊት ለ2 ደቂቃ «ዐይናችሁን ጨፍኑ» እንዲል ማበረታታት፥ በፈተናም «በሥዕል አስረዱ» የሚል ጥያቄ መጨመር ከእጃችሁ አይርቅም። በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። በደረጃው ላይ ያገኘሁት ልጅ ነገ ወደዚያ እንዲገባ ከፈለግን፥ ዛሬ ዳቦውን እናሳየው።