በፊኛ ስለሚከፈት የልብ ደም ሥር

ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የተባለው አረም በጣና ዳር ተንሰራፍቶ የታንኳውን መንገድ እንዴት እንደ ዘጋ በባሕር ዳርና በአካባቢው ያላችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል። በልብም ላይ የሚደርሰው ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልብ ለሰውነት ሁሉ ደም የምታድል ስትሆን ለራሷ የሚሆነውን ደም የምታገኘው በላይዋ በተዘረጉ ቀጫጭን ደም ሥሮች ነው። በእነዚህም ውስጥ ጮማ መሳይ ነገር ከዓመት ወደ ዓመት እየተጋገረ መንገዱን ያጠብባል። አንድ ቀን ይሰነጠቅና ደም ይረጋበታል፤ ያን ጊዜ ደም የተቋረጠበት የልብ ሥጋ መሞት ይጀምራል።

ቀድሞ ይህን ለማቃናት ደረትን መክፈት ግድ ነበር። ዳሩ ግን አንድሬያስ ግሩንትሲግ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በስዊስ አገር፥ በዙሪክ፥ በቤቱ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቀጭን ቱቦና ትንሽ ፊኛ ሲያጣብቅ ከቆየ በኋላ መስከረም 6 ቀን 1970 ዓ.ም. የአንድ የ38 ዓመት ሰው የልብ ደም ሥር ሰውዬው ነቅቶ ሳለ ከፈተ። ቱቦው በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ ይገባና በራጅ እየታየ እስከ ልብ ይደርሳል፤ ፊኛው በጠበበው ስፍራ ይነፋል፥ ጮማውን ወደ ግድግዳው ይጫናል፥ ከዚያም ተንፍሶ ይወጣል። የተከፈተው ደም ሥር ተመልሶ መጥበቡ ስላስቸገረ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 በፈረንሳይና በስዊስ ያሉ ሐኪሞች ስቴንት የተባለውን የሽቦ መረብ በውስጡ ትተው መውጣት ጀመሩ።

በአገራችንም ይህ ሕክምና በአዲስ አበባ ይሰጣል። በአሜሪካ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም፥ ዶክተር ተስፋዬ ተሊላ ከመሠረቱት «ኸርት አታክ ኢትዮጵያ» ከተባለው ማኅበር ጋራ እየመጡ ብዙ ሕሙማንን በዚሁ ጥበብ ረድተዋል።

ነገር ግን ድንገት ለተዘጋ ደም ሥር የፊኛው ጥቅም በሰዓት የተቈጠረ ነው። ሐኪሞች የሚመኙት በሽታው በታወቀ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲከፈት ነው፤ ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ደግሞ፥ የዓባይን በረሓ ወርዶ መውጣቱን ጨምሮ፥ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ፊኛው በጊዜ የማይደረስበት ሕመምተኛ አስቀድሞ የረጋውን ደም የሚያቀልጥ መድኃኒት ይሰጠዋል። ይህም ከሁሉ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ነው፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ብዙም አይፈይድም።

እኛን የሚያሳዝነን እነዚህ ሰዓቶች በመንገድ ሳይሆን በቤት ማለቃቸው ነው። የቤቱ ጌታ ደረቱን ከበደኝ ሲል «ጨጓራ ነው» ይባልና ተልባ ይመታለታል፤ ካላበውም «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል። እርሱም አሳላፊዎቹ ፊት መታመሙን ስለሚያፍር እስኪነጋ ይታገሣል። ደረትን እንደ ድንጋይ የሚጫን ሕመም ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከተሰራጨ፥ ቀዝቃዛ ላብና ማቅለሽለሽ ከተከተለው፥ ተልባውን ትታችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ውሰዱት። የልብን አመታት በወረቀት የሚጽፈው መሣሪያ ነገሩን በጥቂት ደቂቃ ይለየዋል። በሴቶችና በስኳር ሕሙማን ሕመሙ ደብዛዛ ሆኖ ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊታይ ይችላል። በዘጌ ወይም በደቅ ደሴት ዘመድ ያላችሁም ሌሊት የሚነሣ ጀልባ ከማን እንደሚገኝ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስቴንት ገብቶለት የተመለሰ ሰው ደግሞ ደም እንዳይረጋ የሚከለክሉትን ሁለት ዓይነት ኪኒኖች አብዛኛውን ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ይውጣል። ዳንሁ ብሎ በራሱ ፈቃድ ቢያቋርጣቸው መረቡ ባንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል። ጿሚ የሆነም እንደ ሆነ የሚውጥበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋራ ይነጋገር፤ ኪኒኑም ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቤተ ሰቡ በባሕር ዳር መድኃኒት ቤቶች ዞሮ ይፈልግለት።