ወለድ ሳይወርድ ገንዘብ ማስቀመጥ፤ ጥቅሙና ጥንቃቄው

ገንዘብን በመቀነት ጫፍ ቋጥሮ ወይም በሙዳይ ሸሽጎ ማኖር ከእናቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው። ዛሬ በከተማ የምንኖር ብዙዎቻችን ደመወዛችንን የምንቀበለው በባንክ፣ ቀሪ ሒሳባችንን የምናየው ደግሞ በእጅ ስልካችን ነው። ማኖሪያው ቢለወጥም ዓላማው አልተለወጠም። የልጅን ትምህርት፣ የቤት ኪራይን፣ ሕመምንና ክፉ ቀንን ማሰብ ነው።

ሰሞኑን በየሥራ ቦታውና በየቡናው ላይ «ወለድ ሊወርድ ነው፤ ገንዘባችሁን ቶሎ ብላችሁ በጊዜ ገደብ አስቀምጡ፤ ባንክ ድረስ መሄድም አያስፈልግም፤ በስልክ ይሆናል» የሚል ምክር ይሰማል። ምክሩ መሠረት የሌለው አይደለም። ሆኖም ግማሹን ሰምቶ መጣደፍ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ አንድ ታሪክ ስለሰማን በዛሬው አምዳችን ይህንኑ ጉዳይ ልናነሳላችሁ ወደድን።

ባለታሪኳ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት ናት። ስሟ እንዳይጠቀስ ስለጠየቀችን እንተወዋለን። ከትርፍ ሰዓት ክፍያዋና ከዕቁብ በአራት ዓመት ያጠራቀመችው 60,000 ብር ነበራት። የሥራ ጓደኞቿ ያሉትን ሰምታ በምሳ ዕረፍቷ ስልኳን አውጥታ ገንዘቡን በሙሉ በዓመት 10 በመቶ ወለድ ለአሥራ ሁለት ወር አስቀመጠችው። ዓመቱ ሲሞላ 6,000 ብር ወለድ እንደምታገኝ አስልታ ተደሰተች።

በአራተኛው ወር ታናሹ ልጇ በድንገት ታሞ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። «ገንዘቡ ታስሯል፤ ዓመት ሳይሞላው አይነካም» ብላ ስላመነች ባንኩን ሳትጠይቅ ከአንድ አራጣ አበዳሪ 20,000 ብር በወር 10 በመቶ ተበደረች። ልጇ ድኗል። ብድሩ ግን በየወሩ 2,000 ብር ወለድ ይጠይቃት ጀመር። ከባንኩ በዓመት የምታገኘውን 6,000 ብር አራጣው በሦስት ወር በላው። በመጨረሻ ባንኩ ዘንድ ቀርባ ስትጠይቅ፣ ውሉን አፍርሳ ገንዘቧን ማውጣት ትችል እንደነበረና የሚቀርባትም ከወለዱ ከፊሉ ብቻ እንደነበረ ተነገራት። «ያቺን አንዲት ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ብጠይቅ ኖሮ» ስትል ነው በቁጭት ያጫወተችን። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሏል ይህ ነው።

ለመሆኑ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ምንድን ነው? በተራ የቁጠባ ሒሳብ ያለ ገንዘብ ባሻችሁ ቀን ይወጣል፤ የሚከፈልበት ወለድም በየጊዜው ሊለወጥ ይችላል። በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ግን ሁለቱም ወገኖች በውል ይታሰራሉ። እናንተ እስከ ተወሰነው ቀን ድረስ ገንዘቡን ላለመንካት፣ ባንኩም የተዋዋለበትን ወለድ ላለመቀነስ ትስማማላችሁ። ስለሆነም በመካከሉ ወለድ ቢወርድ የእናንተው አይወርድም። ቢጨምርም የእናንተው አይጨምርም።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። 60,000 ብር በዓመት 10 በመቶ ቢታሰርና በማግሥቱ የሌላው ሰው ወለድ ወደ 7 በመቶ ቢወርድ፣ እናንተ 6,000 ብር ስታገኙ እርሱ 4,200 ብር ያገኛል። የ1,800 ብር ብልጫ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ባንኩ ከወለዱ ላይ ግብር ቀንሶ እንደሚያስቀር ግን አትዘንጉ።

የወለድ መውጣትና መውረድ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ 10 በመቶ ገደማ የነበረው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ እስከ 3 በመቶ ወርዶ ነበር። ቀደም ሲል 6,000 ብር ይወልድ የነበረ 60,000 ብር፣ ያን ጊዜ የሚወልደው 1,800 ብር ብቻ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብሔራዊ ባንክ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያደረገው መጥቶ በ2003 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ደግሞ 7 በመቶ አድርሶታል። እንግዲህ «ወለድ ይወርዳል» የሚለው ሥጋት በአገራችን የታየ እውነት ነው። መቼ እንደሚወርድ ግን በቡና ላይ ወሬ አይታወቅም።

ወሬው አንዳንዴ ከውጭም ይመጣል። አሜሪካ ያሉ እህቶቻችንና ልጆቻችን በስልክ «እዚህ ወለድ እየቀነሰ ነው» ሲሉን እዚህም የቀነሰ ይመስለናል። እርግጥ የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ የነበረውን ወለድ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ወደ 4.75 እስከ 5.00 በመቶ ዝቅ አድርጎ መቀነስ ጀምሯል። ከዚያ ቀደም ብለው በኢንተርኔት የጊዜ ገደብ ሒሳብ የከፈቱ ሰዎች ውላቸው እስኪያልቅ የቀድሞው ወለድ ጸንቶላቸዋል። ለእነርሱ የጠቀመው ግን በእኛ ዘንድ በዚያው ቀን እውነት አይሆንም። የእኛን ወለድ የሚመራው የእኛው ባንክ ነው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 15 በመቶ የሆነ የፖሊሲ ወለድ ማውጣቱን ሰምተው «ለአስቀማጭ 15 በመቶ ሊከፈል ነው» ያሉ ነበሩ። ያ ወለድ ብሔራዊ ባንክ ከባንኮች ጋር የሚሠራበት መለኪያ እንጂ ለእኔና ለእናንተ ቁጠባ የሚከፈል አይደለም።

ኑሮ ውድነቱንም ማሰብ ያሻል። ዛሬ በ60,000 ብር የሚገዛ ዕቃ በዓመቱ 12 በመቶ ቢጨምር 67,200 ብር ይሆናል። በ10 በመቶ የታሰረው ገንዘባችሁ ደግሞ 66,000 ብር ይሆናል። 1,200 ብር ይጎድላችኋል ማለት ነው። ስለዚህ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ገንዘብን ከመሸርሸር ያዘገየዋል እንጂ ሁልጊዜ ባለጠጋ አያደርግም። በቅርቡ የግድ የምትገዙት የሥራ ዕቃ፣ ለምሳሌ መተዳደሪያ የሚሆን የስፌት መኪና ካለ፣ ገንዘቡን ከማሰር ዕቃውን መግዛት ሊሻል ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ገንዘብን በአንድ ላይ ከማሰር በሦስት መክፈል ይበጃል። የመጀመሪያው ክፍል ለድንገተኛ ችግር የሚሆን፣ ቢቻል የሦስት ወር የቤት ወጪ የሚሸፍን ነው። ይህ ከተራ ቁጠባ አይውጣ። ሁለተኛው ክፍል ቀኑ ለሚታወቅ ወጪ የሚውል ነው። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ በነሐሴ ከሆነ የውሉ ጊዜ በሐምሌ የሚያልቅ ይሁን። እስከ ዓመትና ከዚያም በላይ የማይነካው ሦስተኛው ክፍል ብቻ ለረጅም ጊዜ ይቀመጥ። ያቺ እናት 20,000 ብር በተራ ቁጠባ፣ 20,000 ለስድስት ወር፣ 20,000 ለዓመት አድርጋ ቢሆን ኖሮ ወደ አራጣ አበዳሪ ደጅ ባልሄደች ነበር።

ውሉን ከመቀበላችሁ በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ። አንደኛ፣ የተነገራችሁ ወለድ በዓመት የሚታሰብ ነውን? 10 በመቶ በዓመት ከሆነ 20,000 ብር በስድስት ወር የሚወልደው 2,000 ሳይሆን 1,000 ብር ነው። ሁለተኛ፣ ጊዜው ሳይደርስ ገንዘቡ ቢያስፈልጋችሁ ምን ታጣላችሁ? አንዳንዱ ውል ወለዱን ወደ ተራ ቁጠባ መጠን ዝቅ ያደርገዋል፤ አንዳንዱም ጨርሶ ያስቀረዋል። ሦስተኛ፣ ገንዘቡን መያዣ አድርጎ ከዚያው ባንክ መበደር ይቻላልን? አራተኛ፣ ቀኑ ሲደርስ ውሉ በራሱ ይታደሳልን? ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት በወረደው ወለድ ሌላ ዓመት ሊታሰር ይችላል፤ ቀኑን በግድግዳው ካሌንደር ላይ ምልክት አድርጉበት። አምስተኛ፣ ዝቅተኛው የማስቀመጫ መጠን ስንት ነው? መልሶቹን በጽሑፍ ያዙ።

የጊዜ ገደብ ሒሳብ በስልክ የሚከፈት መሆን አለመሆኑ እንደየባንኩ ይለያያል። ከተቻለም ያለ ትራንስፖርት ወጪና ያለ ወረፋ መገላገል ነው። ነገር ግን የባንኩን የስልክ መተግበሪያ ከባንኩ በተነገራችሁ መንገድ ብቻ ጫኑ እንጂ በቴሌግራም የተላከላችሁን ማስፈንጠሪያ አትከተሉ። «ከፍተኛ ወለድ እንሰጣለን» የሚል ድርጅት ቢገጥማችሁ ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያለው መሆኑን አጣሩ። የምስጢር ቁጥራችሁንና በአጭር መልእክት የሚመጣላችሁን ማረጋገጫ ቁጥር የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚላችሁም ቢሆን አትንገሩ። ስልክ ለመጠቀም የምትቸገሩ እናቶችም ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ውሉ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ። ይህ የሚያሳፍር አይደለም።

ሒሳቡ በማን ስም ይከፈት የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ስልኩ የባል፣ ሒሳቡም በባል ስም ሆኖ ገንዘቡ የሚስት ላብ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይታያል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እያንዳንዱ ተጋቢ ገቢውን ተቀብሎ በራሱ ወይም በጋራ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ እንደሚችል ይደነግጋል። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ገቢ የጋራ ንብረት መሆኑ ግን አይቀርም። ስለሆነም በራስ ስም ሒሳብ መክፈት ከትዳር ጓደኛ መሸሸግ ተደርጎ መታየት የለበትም። ሁለቱም ባሉበት ተመካክሮ፣ የት ምን ያህል እንዳለና መቼ እንደሚደርስ በአንድ ደብተር ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ለቤተሰብ ሰላም ይበጃል። ክፉ ቀን ቢመጣ ልጆችም የሚፈልጉትን ያውቃሉ።

በሃይማኖታችሁ ምክንያት ወለድ የማትቀበሉ እህቶችም ከወለድ ነፃ አገልግሎት በሚሰጡ ባንኮች ገንዘባችሁን በጊዜ ገደብ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። እዚያ የሚገኘው የትርፍ ድርሻ ስለሆነ መጠኑ አስቀድሞ ተቆርጦ አይታወቅም። ትርፉ በምን ሒሳብ እንደሚከፈል መጠየቅ ግን ለእናንተም ያሻል።

ዕቁባችሁን አትተዉ። ዕቁብ ወለድ ባይከፍልም ከእጃችን የሚያመልጠውን ብር ይሰበስብልናል፤ ዕጣው ሲደርስ ደግሞ የተሰበሰበውን በሦስት ከፍሎ ማኖር ነው። ወለድ ነገ ቢወርድ የሚቀርብን ጥቂት ብር ነው። ሳይጠይቁ በማሰር የሚመጣው ዕዳ ግን ከዚያ እንደሚበልጥ ያቺ የሁለት ልጆች እናት አሳይታናለች። ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ምሽት ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ከቤተሰባችሁ ጋር ተቀመጡ። በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።