ለወጣቱ ማን በጎ ፈቃደኛ ይሁን?

ክረምት በመጣ ቁጥር የበጎ ፈቃድ ጥሪ ይተላለፋል። የአቅመ ደካማ አረጋውያንን ቤት የሚያድሰው፣ ችግኝ የሚተክለው፣ ደም የሚለግሰው፣ ለታዳጊዎች የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጠው በአመዛኙ ወጣቱ ነው። ከእነዚህ ልጆች መካከል ዲግሪያቸውን ይዘው ሥራ የሚፈልጉ ጥቂት አይደሉም። ቀን ጉልበታቸውን ለሰፈራቸው ሰጥተው፣ ማታ ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ ሲያገላብጡ ያመሻሉ። እነሱን የሚያግዝ በጎ ፈቃደኛ ሲጠራ ግን እምብዛም አንሰማም።

ሥራ ያለው ሰው ሥራ ለሌለው ወጣት ሊሰጠው የሚችል፣ ሊሰጠውም የሚገባ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። ገንዘብ ወይም ቅጥር ማለቴ አይደለም። የሥራውን ዓለም ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ያለው እውቀት ነው። ይህ እውቀት ዛሬ የሚታደለው በዝምድና ነው። በበጎ ፈቃድ እንዲታደል ማድረግ እንችላለን።

በአንድ ዓመት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በአካውንቲንግ፣ በተቀራራቢ ውጤት የተመረቁ ሁለት ልጆችን እናስብ። የአንደኛዋ አጎት ባንክ ይሠራል። የጽሑፍ ፈተናው ምን እንደሚመስል፣ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር መቻል የት እንደሚጠየቅ፣ ገንዘብ ያዥ ወይም ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ለመሆን ዋስ ማስፈለጉን ገና ተማሪ ሳለች ቤት ውስጥ ሰምታለች። የሁለተኛው አባት ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸውን ለማስተማር በሬ ሸጠው ይሆናል፤ ስለ ቢሮ ሥራ ግን የሚነግሩት የላቸውም። ይህ ልጅ ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ) እና ስቱደንት ኮፒ በፕላስቲክ ይዞ አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሲያነብ ይውላል። «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ካየ ሳያመለክት ያልፋል። ማመልከት ይችል እንደነበር የሚነግረው ሰው የለም። ልዩነታቸው የችሎታ አይደለም፤ አንደኛዋ የሚነግራት ሰው ነበራት።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ዝነኛ ጥናት፣ በቦስተን አቅራቢያ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ውስጥ፣ ወሬውን ያመጣላቸውን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያዩት ሰው ነው። የቅርብ ጓደኛ የሚያውቀው እኛው የምናውቀውን ነው፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከራቅ ያለ ሰው ነው። ሥራ የሌለው ወጣት የሚውለው ሥራ ከሌላቸው ጓደኞቹ ጋር መሆኑን ስናስብ፣ ከክበቡ ውጭ ያለ አንድ መካሪ ምን ያህል እንደሚጠቅመው እንረዳለን።

አዲስ አበባም የራሷ ማስረጃ አላት። ግሩም አበበና ስቴፋኖ ካሪያ ያሉበት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ቡድን በከተማዋ ከ4,000 በላይ ወጣቶችን ተከታትሏል። በዕጣ ለተመረጡ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ መሀል ከተማ የሚመላለሱበት የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠ። ሌሎቹ ደግሞ ሲቪና ማመልከቻ አጻጻፍ፣ የቃለ መጠይቅ አቀራረብ የሚማሩበት፣ ችሎታቸውም ተፈትኖ የምስክር ወረቀት የሚያገኙበት አጭር ሥልጠና ወሰዱ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ድጋፎች ጠቅመው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ጥቅም ደብዝዞ ጠፋ፤ ሥልጠናውን የወሰዱት ገቢ ደግሞ ካልወሰዱት በ20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ራስን በአግባቡ ማስረዳት መቻል ለዓመታት የሚዘልቅ ሀብት ነው ማለት ነው።

ከዚህም ይበልጥ ለመካሪነት የሚቀርበው የኡጋንዳው ጥናት ነው። ሊቪያ አልፎንሲና ባልደረቦቿ የሙያ ተማሪዎችን ከመመረቃቸው በፊት፣ በዚያው ሙያ ተመርቀው ሥራ ከያዙ ሰዎች ጋር አገናኟቸው። መካሪ ያገኙት ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሥራ ላይ የመገኘት ዕድላቸው በ27 በመቶ ጨመረ፤ ከዓመት በኋላም ገቢያቸው በ18 በመቶ ከፍ ብሎ ታየ። ለውጡን ያመጣው በዋናነት መካሪዎቹ ሥራ አፈላልገው ማስቀጠራቸው አልነበረም። የመጀመሪያው ሥራ ምን እንደሚመስል፣ ደመወዙ ለምን ትንሽ እንደሚሆን፣ ከዚያ ወዴት እንደሚያደርስ በእውነት መንገራቸው ነው። በመጀመሪያው ወር ተስፋ ቆርጦ የሚተወው ልጅ ታግሶ ይቀጥላል፤ በትንሽ ደመወዝ አልጀምርም የሚለውም ሥራውን እንደ መሰላል ማየት ይጀምራል።

በቅርብ ያየሁትን ልናገር። አንዲት ተመራቂ ሲቪዋን አሳየችኝ። ከላይ ከጓደኛ የተገለበጠ የዓላማ መግለጫ፣ ከታች ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ ተጽፏል፤ መሀል ላይ «የተግባር ልምምድ፦ ሁለት ወር» የሚል አንድ መስመር አለ።

«እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?» አልኳት።

«ምንም፤ ዝም ብዬ ዕቃ ስቆጥር ነበር ጋሼ» አለች።

እንዴት እንደምትቆጥር ስጠይቃት ግን ሌላ ታሪክ ወጣ። የመጋዘኑን ቢን ካርድ ከሒሳብ ክፍሉ ስቶክ ካርድ ጋር እያስተያየች ልዩነት ታገኛለች፤ ሰነድ ለሰነድ ስትከተለውም ዕቃው በሞዴል 22 (በዕቃ ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) ወጥቶ ካርዱ ላይ እንዳልተመዘገበ ደርሳበታለች። ዕቃ ግምጃ ቤት የሚቀጥር ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ እሷ ግን «ምንም» ብላ ልታልፈው ነበር። ያንን አንድ መስመር አብረን ወደ ሦስት ዓረፍተ ነገር አሰፋነው። ውሸት አልጨመርንም፤ የሠራችውን በስሙ ጠራነው እንጂ። ይህን ማድረግ የሚችለው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ቃለ መጠይቁ ደግሞ ሌላ ጥልቅ ችግር አለበት። ብዙዎቻችን ያደግነው ታላቅ ፊት አንገት ደፍቶ መስማት ጨዋነት፣ ስለራስ መናገር ጉራ ነው ተብሎ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ፊት ተቀምጦ «እስቲ ስለራስህ ንገረን» ሲባል ስሙንና የተመረቀበትን ዓመት ተናግሮ ዝም ይላል። ጠያቂዎቹ ባዶ ነው ብለው ያልፉታል። ጨዋነቱን ሳይተው ሥራውን መናገር የሚማረው በመለማመድ ነው፤ ለመለማመድ ደግሞ ቀጣሪው ያልሆነ፣ ሲሳሳት የሚያርመው ታላቅ ያስፈልገዋል።

ሁለት መቃወሚያዎች ይነሳሉ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው፣ ሥራ በሌለበት ምክር ምን ይሠራል የሚል ነው። እውነት ነው፤ መካሪ ፋብሪካ አይከፍትም፤ ምክርም ሥራ መፍጠር ያለባቸውን ሁሉ ከኃላፊነት ነፃ አያወጣም። ነገር ግን ያለው ጥቂት ሥራ ለማን ይድረስ የሚለውም ጥያቄ ራሱን የቻለ የፍትሕ ጥያቄ ነው። ቀጣሪው የአመልካቹን ችሎታ የሚያይበት መንገድ ሲያጣ ወደሚያውቀው ሰው ልጅ ያዘነብላል። አመልካቹ ችሎታውን ማሳየት ሲችል የገበሬውም ልጅ ይታያል።

ሁለተኛው መቃወሚያ፣ ይህ ዘመድ አዝማድን በሌላ በር ማስገባት አይሆንም ወይ የሚል ነው። ድንበሩ ካልተጠበቀ ይሆናል። ስለዚህ መካሪው በሚመክረው ልጅ ቅጥር ላይ ድምፅ መስጠት የለበትም፤ የፈተና ጥያቄም አያቀብልም። «አስቀጥርሃለሁ» አይልም፤ እንዲህ ያለ ተስፋ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ወጣቱን ከሌላ ፍለጋ ያዘናጋዋል። ዋስ መሆንም የመካሪነት ግዴታ አይደለም። ወጣቱም መላላኪያ ወይም ነፃ ጉልበት አይደለም። በተለይ ሴት ልጆችን የሚመክር ሰው ቀጠሮውን ሰው በሚበዛበት ቦታ ያድርግ፤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን የመሰለ ስፍራ ለዚህ ይመቻል። ሥራ እናስገባሻለን በሚል ሰበብ ስንት ግፍ እንደሚፈጸም ስለምናውቅ ይህ ጥንቃቄ በዛ አይባልም።

አደረጃጀቱ ቀላል ሊሆን ይችላል። አንድ መካሪ አንድ ወይም ሁለት ወጣት ይይዛል፤ በየሁለት ሳምንቱ ለአንድ ሰዓት፣ ለስድስት ወር ይገናኛሉ። መጀመሪያ ሲቪውን መስመር በመስመር ያያሉ፤ ከዚያ ማመልከቻ፣ ከዚያ የቃለ መጠይቅ ልምምድ። ከተቻለ ወጣቱ አንድ ቀን የሥራ ቦታውን ይጎበኛል። ሥራ ከተገኘ በኋላም መካሪው ቶሎ አይለይ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነውና፣ አዲስ ሠራተኛ ምክር በጣም የሚያስፈልገው ያኔ ነው። አዲስ ተቋም መመሥረትም አያሻም፤ ዕድሩ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ የመስጊዱ ጀመዓ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር አለ። ዕድር የአባላቱን ሙያ ከመዘገበ፣ በአንድ ሰፈር ውስጥ ስንት ነርስ፣ ስንት መካኒክ፣ ስንት ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሠራተኛ እንዳለ በአንድ ቀን ይታወቃል።

በዚህ አገር ወጣቱ ታላላቆቹን ማገልገሉ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጣቱን ወደ ገጠር አሠማራ። ዛሬም በየክረምቱ የሚጠራው እሱ ነው። አሁን ተራው የእኛ፣ ደመወዝ የምንበላው ሰዎች ነው። አምስት ዓመት የሠራ ሰው ሁሉ ለአንድ ተመራቂ የሚበቃ እውቀት አለው፤ ያንን እውቀት ለእህቱ ልጅ በነፃ እንደሚሰጥ ሁሉ ለማያውቀው ልጅም ይስጥ። የሚቀጥለው የበጎ ፈቃድ ጥሪ ሲወጣ በዝርዝሩ ውስጥ ይህም ይግባ፤ ጥሪው እስኪመጣም ሳንጠብቅ ከሰፈራችን ከአንድ ሥራ ፈላጊ ልጅ እንጀምር።